ኦክስጅኔ 98 ነው ማለት ደሜ በቂ ነው ማለት አይደለም



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ መልእክቶች አንድ ዓይነት ሆነዋል። የስማርት ሰዓት ስክሪን ፎቶ፣ ከሥሩ "ዶክተር፣ ይሄ ጥሩ ነው?" የሚል ጥያቄ። አንዱ ቪኦቱ ማክሱ 34 ሆኖበት ደንግጧል። ሌላዋ ኦክስጅኗ 98 በመቶ ስለሆነ ደሟ ሙሉ እንደሆነ እርግጠኛ ናት፣ ግን ሁለተኛ ፎቅ ስትደርስ ለምን እንደምታለከልክ አልገባትም። የታላቁ ሩጫ ሰሞን ሲደርስ ደግሞ ጥያቄው እጥፍ ይሆናል።

ሐሳቤን ሳላድበሰብስ ልናገር። ስፖርት የጀመረ ሰው፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ሰዓቷ ላይ ስላለው የፊትነስ ቁጥር ከመጨነቋ በፊት ልታውቃቸው የሚገቡ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ሄሞግሎቢን እና ፌሪቲን። ሁለቱንም ሰዓት አይለካቸውም። ሁለቱም ከደም ናሙና ነው የሚገኙት። አንድ ደህና ስማርት ሰዓት በሚገዛበት ብር ደግሞ እነዚህን ምርመራዎች ደጋግሞ ማሠራት ይቻላል። እኛ ግን ሰዓቱን እንገዛና ደሙን እንተወዋለን።

መጀመሪያ የ98ቱን ነገር እንጨርስ። ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያም ሆነ ከሰዓቱ ጀርባ የሚበራው ብርሃን የሚነግረን፣ በደማችን ካለው ሄሞግሎቢን ውስጥ ስንት በመቶው ኦክስጅን እንደጫነ ነው። ሄሞግሎቢኑ ራሱ ምን ያህል እንደሆነ አይነግረንም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሳሪስ ወደ ሜክሲኮ የሚሄዱትን ሚኒባሶች አስቡ። "ታክሲዎቹ ሞልተዋል ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ "አዎ፣ ጢም ብለዋል" ነው። መስመሩ ላይ 60 ታክሲ ቢኖርም 20 ብቻ ቢኖርም መልሱ ያው ነው። ልዩነቱን የምታዩት ሰልፉ ላይ ነው። የኦክስጅን መለኪያው ወንበሩ መሙላቱን ያያል፣ ታክሲውን አይቆጥርም። ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ደግሞ ጡንቻችሁ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ግራም ሄሞግሎቢን ሲሞላ ወደ 1.34 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። ሄሞግሎቢኗ 14 የሆነ ሴት በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሊትር ደሟ ውስጥ ወደ 18 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ትሸከማለች። 7 የሆነባት ደግሞ 9 ገደማ፤ በትክክል ግማሽ። ሁለቱም ጣታቸውን ቢሰኩ 97 ሊያነቡ ይችላሉ። መለኪያው አልዋሸም፣ እኛ ነን ያልጠየቅነውን መልስ የወሰድነው።

"ታዲያ በግማሽ ኦክስጅን እንዴት ሥራ ትሄዳለች?" ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ደም ትረጫለች። ሄሞግሎቢን ደህና ከሆነ ይህ ማለት በደቂቃ ወደ 900 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይሰራጫል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚጠቀመው ግን 250 ገደማውን ነው። ግማሹ ቢቀነስ እንኳ 450 ይቀራል፤ ኮምፒውተር ፊት ለመቀመጥ ይበቃል። ደም ማነስ ቀስ ብሎ ሲመጣ ደግሞ ሰውነት ይለምደዋል። ችግሩ የሚገለጠው ሊፍቱ የተበላሸ ቀን ነው። ወይ ደግሞ ጂም ገብታችሁ አሰልጣኙ "አምስት ደቂቃ ብቻ ቀረሽ!" ብሎ የጮኸ ቀን።

እሺ፣ ቪኦቱ ማክስስ? ነገሩ ተራ ፋሽን ብቻ ስላልሆነ በአግባቡ ላስረዳ። ሰውነታችን በከፍተኛ ጥረት ላይ እያለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊጠቀም የሚችለው የመጨረሻው የኦክስጅን መጠን ነው፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በሚሊ ሊትር ይገለጻል። ሐሳቡን በ1920ዎቹ ያስፋፋው እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርክባልድ ሂል ነው፤ በጡንቻ ላይ ላደረገው ሌላ ሥራ የ1922ን የኖቤል ሽልማት የተጋራ ሰው። በላብራቶሪ ሲለካ አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ጭንብል ይደረጋል፣ የመሮጫው ማሽን ፍጥነትና ዳገት በየጊዜው ይጨመራል፣ ስምንት እስከ አሥራ ሁለት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውዬው "በቃኝ" እስኪል ይሮጣል፣ ማሽኑም የገባውንና የወጣውን ኦክስጅን ያሰላል። አድካሚ ምርመራ ነው፣ ለብዙዎቻችንም ቅርብ አይደለም።

ሰዓታችሁ ይህን ሁሉ አላደረገም። ጭንብል አላጠለቀላችሁም። ያደረገው "በዚህ ፍጥነት ስትሮጥ ልብህ በዚህ ያህል መታ፤ ዕድሜህ፣ ክብደትህና ጾታህ ይሄ ነው፤ ስለዚህ በግምት ይህን ያህል ትሆናለህ" የሚል ስሌት ነው። እንቅልፍ ያጣችሁ ቀን፣ ፀሐይ የበረታበት ቀን ወይም የእንጦጦን ዳገት የወጣችሁ ቀን ልብ ስለሚፈጥን ግምቱ ይዛባል። ክብደታችሁን በትክክል ካላስገባችሁማ ከመጀመሪያውም የተሳሳተ ነው።

ያም ሆኖ ቁጥሩ ትርጉም የለውም አልልም። በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ120 ሺህ በላይ ሰዎችን በመሮጫ ማሽን ፈትኖ ለዓመታት ተከታትሎ ነበር፤ የተሻለ ብቃት ያላቸው ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ብቃታችሁ ዝቅ ሲል ለምን ዝቅ እንዳለ ሰዓቱ ያውቃል ወይ? አያውቅም። የቪኦቱ ማክስ ቁጥር የብዙ ነገር ድምር ነው፤ ሳንባ፣ ልብ፣ የደሙ የመሸከም አቅም፣ ጡንቻው ከደሙ ላይ የሚቀበለው መጠን። አንዱ ሲጎድል ድምሩ ይወርዳል። ሰዓቱ ግን መፍትሔው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ተጨማሪ ልምምድ አድርግ!"

ለታላላቆቹ ሯጮች እንኳ ይህ ቁጥር ሁሉ ነገር አይደለም። በግማሽ ማራቶን የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኤርትራዊው ዘረሰናይ ታደሰ በላብራቶሪ ሲለካ 83 ተመዝግቦለታል፣ ግን ተመራማሪዎቹን ይበልጥ ያስገረማቸው አንድ ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የሚያወጣው ኦክስጅን እጅግ ትንሽ መሆኑ ነበር። በሌላ ጥናት፣ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች ለመግባት ለተዘጋጀው የናይኪ ፕሮጀክት የተለኩት 16 ምርጥ ሯጮች አማካይ ቁጥራቸው 71 ገደማ ነበር። ከእነሱ የበለጠ ቁጥር ያላቸው፣ ማራቶን ግን በዚያ ፍጥነት የማይሮጡ ስፖርተኞች ሞልተዋል። ስለዚህ 34 የወጣለት ወንድሜ፣ ተረጋጋ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። አንዲት በሃያዎቹ አጋማሽ ያለች የቢሮ ሠራተኛ (ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ) ለ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ስትዘጋጅ ሦስት ወር ሆኗታል። በሳምንት አራት ቀን ትሮጣለች። ሰዓቷ ላይ ያለው ቁጥር ግን በመጨመር ፋንታ ከ33 ወደ 29 ወርዷል። አሰልጣኟ "ስንፍና ነው" ብሏታል። ቀደም ብላ የሄደችበት አንድ ቦታ ደግሞ "ስትረስ ነው፣ ዕረፍት አድርጊ" ተብላ ቫይታሚን ታዞላታል። እኔ ጋ ስትመጣ የመጀመሪያ ንግግሯ "ዶክተር፣ ኦክስጅኔ እኮ 96 ነው፤ የሳንባ አይመስለኝም" የሚል ነበር።

የሳንባ አልነበረም። በረዶ የመቆርጠም አምሮት እንዳላት ስጠይቃት ሳቀች፣ "እንዴት አወቅክ?" አለችኝ። የወር አበባዋ ሰባት ስምንት ቀን ይቆያል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየሁለት ሰዓቱ ሞዴስ ትቀይራለች። ለምን ቀደም ብላ እንዳልተናገረች ስጠይቃት "እናቴም እህቴም እንደዚህ ናቸው፣ ጤነኛ መስሎኝ" አለች። ሄሞግሎቢኗ 10.1፣ የቀይ ደም ሴሎቿ መጠን ከሚገባው ያነሰ፣ ፌሪቲኗ 5። በአልትራሳውንድ ሲታይ ማህፀኗ ላይ ዕጢ ነበር፤ ካንሰር ያልሆነው፣ ብዙ ሴቶች ላይ የሚገኘው ዓይነት። ወደ ማህፀን ሐኪም ላክኋት፣ ብረት ጀመረች። ከሦስት ወር በኋላ ሄሞግሎቢኗ 13.4 ደረሰ፣ ሰዓቷ ደግሞ 35 አለ። አንድም ተጨማሪ ልምምድ አልጨመረችም።

ይህች ልጅ "ሰነፍ" ተብላለች። እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው። ሦስት አራተኛ ደም ይዛ ከሁሉም እኩል የሮጠች ሴት ሰነፍ ከሆነች ጎበዝ ማን ነው?

ፌሪቲን ምንድን ነው ለምትሉ፣ የብረት መጋዘኑ ነው። ሰውነት ብረት ሲያጥረው መጀመሪያ ከመጋዘን ያወጣል፣ ሄሞግሎቢን የሚወርደው መጋዘኑ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢኗ "ኖርማል" የሆነ፣ መጋዘኗ ግን የተሟጠጠ ሴት አለች፤ ትደክማለች፣ ፀጉሯ ይረግፋል፣ ሩጫው ይከብዳታል፣ ወረቀቱ ግን "ምንም የለብሽም" ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከ15 በታች የሆነ ፌሪቲንን የብረት እጥረት ይለዋል፤ ስፖርተኞችን የሚከታተሉ ብዙ ሐኪሞች ግን ከ30 በታች ሲሆን ጀምሮ ይጠነቀቃሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ብግነት ካለ ፌሪቲን በውሸት ከፍ ይላል። ጉንፋን ይዟችሁ አትመርመሩ።

"ሙሉ ቼክአፕ" የሚባሉትን ጥቅሎች አይታችኋል? ሃያ ምናምን ምርመራ ተደርድሮ ፌሪቲን የሌለበት ጥቅል በተደጋጋሚ አጋጥሞኛል። ለሃያ አምስት ዓመት ጤነኛ ሴት ብዙም የማይጠቅሙ ነገሮች ተጨምረው የሚጠቅማት ተትቷል። ስትሄዱ ጠይቁ፤ የሌለ ከሆነ በተናጠል ይታዘዝላችሁ።

ሌላው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመጀመሪያ ይህ ማለት መለኪያችሁ ላይ 94 ወይም 95 ብታዩ የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም፤ እዚህ ያለው አየር እንደ ጅቡቲ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ለሄሞግሎቢን የተቀመጡት ወሰኖች (ለሴት 12፣ ለወንድ 13) ለባሕር ወለል የተሠሩ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በእኛ ከፍታ ወሰኑ ወደ 1 ግራም ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ከፍ እንዲል ይመክራል። ስለዚህ 12.4 ያለባት የአዲስ አበባ ሴት ወረቀቷ ላይ ኮከብ ምልክት ባይኖርም በዚህ ስሌት ደም አንሷታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በ2002 በታተመ ጥናት ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ለክተው ነበር። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0፣ የኦክስጅን ሙሌታቸው 95.3 በመቶ ሆነ። በዚያ ከፍታ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ደማቸው በጣም ወፍሮ ነው የሚገኘው፣ የእኛዎቹ ግን ከባሕር ወለል ሰው ብዙም አልራቁም። "ታዲያ ለኢትዮጵያዊ የከፍታ ማስተካከያው ይሠራል ወይ?" ብሎ መከራከር ይቻላል፣ ሐኪሞችም ይከራከራሉ። ለኔ ግን ክርክሩን የሚፈታው ፌሪቲን ነው። 12.4 ሆና ፌሪቲኗ 60 ከሆነ አልጨነቅም፤ 8 ከሆነ አክማታለሁ።

ከዚህ ጥናት "ሀበሻ ደሙ ጠንካራ ነው፣ አይመረመርም" የሚል ትርጉም የሚያወጣ ሰው ካለ ግን ተሳስቷል። ቦቆጂ ተወልዶም፣ ሱሉልታ ሠልጥኖም ብረት ያልቃል። የወር አበባ ከፍታ አያውቅም፣ የአንጀት ትልም እንደዚያው።

ምግቡ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን ሁለት ነገር ካላልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቀይ ሥር ደም አይሆንም! ቀለሙ ቀይ ስለሆነ ብቻ ነው ስሙ የወጣለት። ጭማቂው ውስጥ ያለው ናይትሬት የደም ግፊትን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል፣ ሩጫም ላይ ጥቂት ሊያግዝ ይችላል፣ ደም ማነስን ግን አያክምም። ሁለተኛው ጤፍ ነው። ጤፍ ብረት አለው፣ እርግጥ ነው፤ ሆኖም የብረቱ ከፊል በውቂያ ጊዜ ከአፈር የሚገባ ነው፣ ከዕፅዋት የሚገኝ ብረትም አንጀት በቀላሉ አይቀበለውም። እርሾው ማቡካቱ ይረዳል። ሎሚና ቃሪያ ይረዳሉ። ምሳ በልቶ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ መጠጣት ደግሞ ያበላሸዋል። ቡና አልከለከልኩም፣ አንድ ሰዓት አቆዩት። የምትጾሙ ደግሞ ምስሩና ሽምብራው ላይ ሎሚ ጨምቁበት፤ ብረታችሁ ዝቅ ካለ ኪኒኑን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ሳይመረመሩ ብረት መጀመር፣ በተለይ መርፌ፣ ጥሩ አይደለም። "ደም የሚሞላ መርፌ ውጋኝ፣ ውድድር አለብኝ" የሚሉኝ ወጣት ሯጮች አሉ። መጋዘኑ ሙሉ ለሆነ ሰው የሚጨመር ብረት ፍጥነት አይሰጥም፣ ጉበትና ልብ ላይ ይጠራቀማል። ኢፒኦ የሚባለው መርፌ ደግሞ ለኩላሊት ሕሙማን የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ጤነኛ ሰው ሲወስደው ደሙ ይወፍራል፣ ሊረጋና አንጎል ወይም ሳንባ ላይ ሊዘጋ ይችላል። ከፍ ያለ ሄሞግሎቢን ሁልጊዜ ጥሩ ማለት አይደለም።

ብረት የታዘዘላችሁ ካላችሁ፦ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ወይም በብርቱካን፤ ከወተት፣ ከሻይና ከቡና አርቁት። በየቀኑ ሲወስዱት ጨጓራ የሚያስቸግራቸው ሰዎች አንድ ቀን እየዘለሉ ቢወስዱት አንጀት በተሻለ እንደሚቀበለው በጥናት ታይቷልና ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሰገራ ይጠቁራል፣ አትደንግጡ። ሄሞግሎቢን ሲስተካከል ወዲያው አታቁሙ፣ መጋዘኑ ለመሙላት ተጨማሪ ወራት ይፈልጋል። እባካችሁ ከሕፃናት አርቃችሁ አስቀምጡት፤ ከረሜላ የሚመስለው የብረት ኪኒን ሕፃን ልጅ ይገድላል።

ወንዶችንም አልረሳሁም። ወንድ ልጅ የወር አበባ የለውም፣ ስለዚህ የብረት እጥረት ከተገኘበት "ከየት እየደማ ነው?" ብለን ነው የምንጠይቀው። ለጉልበት ሕመም እያሉ ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት የሚወስዱ ሯጮች ጨጓራቸው ይቆስላል፣ ቀስ እያለ ይደማል። ብረት ሰጥቶ መላክ ብቻ በቂ ሕክምና አይደለም።

ደማችሁ ደህና መሆኑን ካወቃችሁና ብቃታችሁን መለካት ካማራችሁ፣ ነፃ የሆነ ፈተና አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር በ1968 ያሳተመው፤ ርዝመቱ የሚታወቅ ሜዳ ላይ በ12 ደቂቃ ውስጥ የቻላችሁትን ያህል ሩጡ፣ ርቀቱን መዝግቡ። 2,400 ሜትር የሸፈነ ሰው ቪኦቱ ማክሱ በስሌቱ 42 ገደማ ይሆናል። ቀመሩ የተሠራው ለእኛ ከፍታ ስላልሆነ ከፈረንጅ ሠንጠረዥ ጋር አታወዳድሩት፤ ከሁለት ወር በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ ከራሳችሁ ጋር አወዳድሩት። ከ40 ዓመት በላይ የሆናችሁ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ፣ ስትሮጡ ደረት የሚያማችሁ ወይም ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ ግን ሳትታዩ አትሞክሩት።

ደም የለገሳችሁ ደግሞ እናመሰግናለን። ለጥቂት ሳምንታት ሩጫው ከከበዳችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ከውድድር በፊት ባለው ወር አትለግሱ፣ ካለፈ በኋላ ግን ኑ።

የጂም አሰልጣኞች ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አዘውትራ የምትመጣ ልጅ በሁለት ወር ውስጥ በመሻሻል ፋንታ ወደ ኋላ ከተመለሰች፣ ተጨማሪ ዙር ከማዘዛችሁ በፊት "ደምሽን ታይተሽ ታውቂያለሽ?" በሏት። የወር አበባዋን የመጠየቅ ግዴታ የለባችሁም፣ እሱን እኛ እንጠይቃለን።

ስትመጡ የምትጠይቁት "ሲቢሲ እና ፌሪቲን" ነው። የድሮ ውጤት ካላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ከአንድ ቁጥር ይልቅ የቁጥሩ አካሄድ ይነግረናል። ብረት ሳትወስዱ የጠቆረ ሰገራ ያያችሁ፣ በዕረፍት ላይ እያላችሁ የምታለከልኩ ወይም ነፍሰ ጡር ሆናችሁ የምትደክሙ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ። የላብ ወረቀታችሁን ፎቶ ግን ኮሜንት ላይ አትለጥፉት፤ ስማችሁና ስልካችሁ ከላይ ተጽፏል።